አፋፍ ላይ

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ፣ መውጣቱ ያልከበዳቸው፣
አፋቸው እንደ በር የሚከፈት፣ ቃል እንደ ሰው የሚወጣላቸው።
የእኔ ቃል ግን አፋፉ ላይ
አንድ እግሩን አንሥቶ ይቆማል፤
ታች ያያል፣ ኋላ ያያል፣
«መ...» ይላል፣ ደግሞ «መ...» ይላል።

ስሜ መክብብ ነው።
ዶናት ቤት ሲጠይቁኝ «ሳም» ነኝ፤
ሳም ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።
ዶሮ አምሮኝ ዓሣ እበላለሁ፣
የዶሮው ስም ስለሚይዘኝ።

በዊኒፔግ ጥር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ፣
መኪናው ሁሉ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ያድራል፤
ጠዋት ቁልፉ ሲዞር እህህ ይላል፣ ይንተባተባል፣
ባለቤቱም እጁን እያሻሸ ይጠብቃል።
«ቶሎ በል» የሚለው የለም።
«መጀመሪያ ትንፋሽህን ሳብ» የሚለው የለም።
ይህን እያየሁ ነው ነገሩ የመጣልኝ።

ወረቀት ጻፍኩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፦
«ቃል ለሚይዛቸው ሁሉ። ማክሰኞ ማታ፣ ምድር ቤት። ሻይ አለ።»
ከሥሩ ስልኬን ደጋግሜ፣ ተቀድዶ እንዲወሰድ በመቀስ ሸንሽኜ።
ሦስት ሳምንት አንድ ሰው አልቀደደም።
ለካ ሞኝ ነኝ!
ከስልክ የሚሸሽን ሰው «ደውልልኝ» ማለት
«ወንዙን ተሻገርና ዋና ላስተምርህ» ማለት ነው።
ሰረዝኩት። «አትደውሉ፤ ዝም ብላችሁ ኑ» አልኩ።

መጡ።
ሮዌና፣ የአውቶቡስ ሾፌሯ፣
ማቆሚያውን ሁሉ አጥርታ የምትጠራ፣ የራሷን ሰፈር ስትጠየቅ የምታልብ።
ኦሌክሲ፣ ጣሪያ ሠሪው፦
«ሚስማር በጥርሴ ስይዝ ማንም አናግረኝ አይለኝም»፤
ቀልዱ ለማለቅ ሁለት ደቂቃ ፈጀ፣
ሳቃችንን ይዘን ጠበቅነው፤ ሲመጣ እጥፍ ሆኖ መጣ።

ሕጋችን አንድ ነው፦ የሰው ቃል አይጨረስም።
ጉርሻ ከሰው አፍ አይነጠቅም።

የካቲት ላይ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገባች።
«ያፌት ይባላል፤ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሒሳብ ይወዳል፤ ትንሽ ያፍራል» አለች፤
ንግግሯ ኮለል ያለ ውሃ።
ልጁ ጫማው ላይ የሚቀልጠውን በረዶ ያያል።
«እሱን እንጠብቀው» አልናት። ተቀመጠች።
የማሞቂያው ቧንቧ ተንኳኳ። ሻዩ ቀዘቀዘ።
«ያ... ያ...»
ሰዓቱን ያየ የለም።
«ያፌት» አለ፤ ሸክም እንዳራገፈ ሰው
ግንባሩን ጠርጎ ወንበር ሳበ።

ወደ እሷ ዞርን። «የእርስዎስ ስም?»
አፏን ከፈተች፣
ተከፍቶ ቀረ።
ያ ሁሉ ውሃ ለካ ድንጋይ ድንጋዩን እየሸሸ ነበር፤
ስንት ዓመት የሚይዛትን ቃል በማይዛት ስትመነዝር፤
ስም ግን ምንዛሪ የለውም።

ያፌት ቀና አለ። ስሟን ያውቀዋል፣
ከንፈሩ ላይ ደርሷል፤
በእጁ አፉን ያዘ።

አንድ እግሯን አንሥታ አፋፉ ላይ ቆመች።
እኛም ከታች ቆምን፤
አልጠራናት፣ አልገፋናት።
ውጭ የሆነ ሰው መኪና
እህህ ይላል፣ እህህ።