ይፍቱኝ

በላይፕሲግ ከተማ፣ በኅዳር ጨለማ፣
ዐሥራ አንድ ቁጥር ትራም በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ እየተሰማ፣
ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ስልኬን አጋድሜ፣
ገመዱን ሰክቼ፣ እንደ ሐኪም ቆሜ፣
«ክፈት» አልሁት።
መልሱ መጣ፣ በጨዋ ቋንቋ፦
«ጥያቄዎ ደርሶናል። ባለቤት መሆንዎን እስክናጣራ
ሰባት ቀን ይታገሡን።»

ባለቤት መሆኔን!
ደረሰኙ አለኝ፤ መቶ ሰማንያ ዩሮ፣ ማኅተም ያለበት፣
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት።
ጥጉ ትንሽ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ግን ደህና፣
ሁለትም ሦስትም ዓመት የሚያገለግል ገና።
ሠሪው ግን «አርጅቷል» ብሎ ፊቱን አዞረበት፣
ማሻሻያ ነሣው፣ በቁሙ ተወው፣ እዝን ሳይቀመጥለት።
ሌሎች በነፃ የሠሩት አዲስ ሥርዓት ነበረ፤
ልጭነው ብል፣ ቁልፉ ከሠሪው ኪስ ውስጥ ቀረ።

አባቴ ይለኝ ነበር ስለ ጭሰኛ ዘመን፦
«ያረስነው እኛ ነን፣ ያጨድነው እኛ ነን፤
ለማረሻችን እርፍ አንዲት ዛፍ ለመቁረጥ ግን ምስለኔውን ስንለምን።»
እኔም በአውሮፓ መሐል፣ በመስታወት ማሳ፣
በጣቴ እያረስሁ ዘመን ሳሰነሣ፣
ጭሰኛ መሆኔ አሁን ገባኝሳ።

መፍታት ይሉታል ይህንን፣ በእኛ አፍ።
ሕልም ይፈታል። ትዳር ይፈታል። እስረኛ ይፈታል።
ፊደል የፈታ ልጅ መጽሐፍ ይገልጣል።
ኃጢአተኛም ከቄሱ ፊት ጎንበስ ብሎ
«ይፍቱኝ አባ» ይላል።
እኔን ግን ማን አዘዘኝ፣ ምን በደል ሠርቼ፣
«ይፍቱኝ» እንድል ለፋብሪካ፣
የገዛ ዕቃዬን ታቅፌ፣ አንገቴን ደፍቼ?

ከምድር ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ሎታር ክረል፣
አርባ ዓመት ቁልፍ ሲሠሩ የኖሩ፣
ከቆሻሻ ገንዳው ዘንድ ብነግራቸው ሳቁና ጀመሩ፦
«ስንቱን በር ከፈትሁ» አሉኝ፣ «ቁልፍ ለጠፋበት፣
ስሙን ከደወሉ ላይ፣ ፊቱን ከመታወቂያው አይቼለት።
አንድም በር አላየሁም፣ ባለቤቱን ደጅ አስቁሞ
‹መጀመሪያ አናጢዬን ጠይቅ› የሚል፣ አፍ አውጥቶ፣ ቆሞ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ያለ ልማዳቸው፣
አወሩኝ ስለ ግንቡ ዘመን፣ ስለ ቴሌቪዥናቸው፦
ከወዲያ ማዶ የሚመጣው ሥዕል
ጥቁርና ነጭ ሆኖ እንዲቀር ተደርጎ መሠራቱን፣
አንድ ሌሊት ጀርባውን ፈትተው፣ ጎረቤት የሰጣቸውን ቅንጣቢ በየዱበትና
ቀሚስ የለበሰች የአየር ጠባይ ነጋሪ ብቅ ማለቷን።
«ሚስቴ አለቀሰች» አሉኝ።
«ለምን?»
«ቀሚሷ ቀይ ነበራ።»

ሰባቱ ቀን ሞላ። ገመዱን ደግሜ ሰካሁ።
«ሁሉም ይጠፋል» አለኝ። «ዋስትናዎም ይፈርሳል።»
ዋሴ ማን ነበረና!
«አዎ» የሚለውን ነካሁ።

ጠፋ።
ከጠፋውም መሐል ቅጂ ያላስቀረሁለት አንድ ነገር ነበር፦
የእህቴ ልጅ ትርሲት፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ዕለት
የላከችልኝ ሳቅ። ዐሥራ አራት ሰከንድ።
በስልኩ ሠሪ ላሳብብ ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም።
ጣቱ የእኔ ነበር።

አሁን ባስነሣሁት ቁጥር ብርቱካንማ ጽሑፍ ይወጣል፦
«ይህ ስልክ አይታመንም።»
ባንኬም ይህን ሰምቶ በሩን ዘጋብኝ፤
ሐሙስ ሐሙስ እስከ ቅርንጫፉ በእግሬ እሄዳለሁ፣
ከአሮጊቶች ኋላ ተራ እይዛለሁ፣
የትራም ትኬቴንም በወረቀት እገዛለሁ።

ትናንት ተቆጣጣሪዋ ወረቀቴን እያገላበጠች
«ስልክ የለህም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።
«አለኝ» አልኋት፤
ቃሏ አፌን ሞላች።