ዘጠነኛ «ሐ»

ከቱሉ ዲምቱ አልፎ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ትምህርት ቤታችን አለ፣ በሁለት ፈረቃ።
የቦታው ስም ቀይ ነው፣ አፈሩ ግን ጥቁር፣
ጥር ላይ የሚሰነጠቅ፣ ሐምሌ ጫማ 'ሚቀብር።

ደወሉ ቸርኬ ነው፤ የሲኖትራክ፣ የተጣለ፣
ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በሽቦ የተንጠለጠለ።
ጋሽ ሂርጳ ናቸው 'ሚመቱት፣ የበሩ ዘበኛ፤
ጥላ አይተው ነው እንጂ፣ ሰዓት አያዩም እንደ እኛ።

እኔ ጂኦግራፊ ነኝ። ስም አወጡልኝ ልጆቹ፦
«ጂኦ መጣ፣ ግቡ!» ይላሉ ከሩቅ ሲያዩኝ ሁሉቹ።
ሰባ አራት ተማሪ፣ ሠላሳ ዴስክ፣ አንድ ካርታ፣
ዐባይ ላይ የተቀደደ፣ ግማሹ በዝናብ የተመታ።
ግድግዳው ላይ ፕላዝማ፣ ድሮ ያስተምር የነበር፣
ዛሬ መስታወት ሆኖ፣ ሴቶቹን ስለ ሹሩባ 'ሚያማክር።

ክፍሉ ግን ስንጥቅ አለው። ከመስኮቱ ጥግ ይነሣል፣
በሰሌዳው ግርጌ አልፎ፣ በሰያፍ ወርዶ ይደርሳል
እስከ በሩ ደፍ ድረስ። መጀመሪያ ክር ነበረ፤
ኋላ እስክሪብቶ ገባበት፤ ኋላ ጣት ተሞከረ።
ዳይሬክተሯ ወይዘሮ እቴነሽ
በጠመኔ ለኩት፣ ቀን ጻፉበት ጎኑን፤
ለወረዳ ጻፉ፤ መልስ ጠበቁ ዓመቱን።
መሐንዲስ መጣ። አየ። ፎቶ አነሣ። ሄደ።
ስንጥቁ ግን አልሄደም፤ በኅዳር ፀሐይ ወለደ።

አንድ ሐሙስ፣ ስለ አፈር ነበር ትምህርቱ።
«መረሬ» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩም ትርጉሙን፣
ውሃ ሲጠጣ ማበጡን፣ ሲደርቅ መሰንጠቁን።
ከኋላ ቢፍቱ ሂርጳ እጇን አወጣችና፣
«ቲቸር፣ አባቴ ያውቀዋል» አለች በትሕትና።
ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።
«እዚህ ጥግ ጤፍ አያሸትም፤ ሽምብራ ነው» አለች። «ደግሞም
መስኮቱ ያለበት ጋ ውሃ ነበር የሚተኛ፤
አባቴ ተናግሮ ነበር። ያኔ አልነበረም ዘበኛ።»

ሰባ ሦስቱ ልጅ ዝም።

በእረፍት ሰዓት ወረድሁ፣ ወደ በሩ፣ ወደ ጎጇቸው።
«እውነት ነው እንዴ፣ ጋሽ ሂርጳ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣
ሬዲዮናቸውን አጥፍተው፣ ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ፣
ግቢውን እያዞሩ ቤታቸውን አሳዩኝ፦
«ቤተ መጻሕፍቱ አውድማ፤ የሰልፉ ሜዳ ማሳ፤
ቤተ ሙከራው ጋጣ፤ እዚያ ነው ዳለቻው በሬዬ
ወድቆ የቀረው ሳይነሣ።
ካሳ ሰጡን፣ በላነው። ቀጥሎ ይህን ካፖርት፣
ይህን ዱላ። ክፉ አይደለም፤
ልጄ ትማራለች በኔው መሬት።»

«ስንጥቁስ?» አልሁ። ፈገግ አሉ። «ስንጥቅ አይደለም፣ ልጄ፤
መሬቱ ነው ሲተነፍስ። ሠላሳ ዓመት በእጄ
ይዤዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ሰኔ ይገጥማል፤ አትለኩት።
ችግሩ ግድግዳው አያውቅም፤ ለሱ ማን ነግሮት?»

በፈተናው አወጣሁት፣ የመጨረሻው ጥያቄ አድርጌ፦
«የትምህርት ቤታችንን አፈር ግለጹ»። ሌሊት ሳርም አምሽቼ፣
ሁሉም የሰሌዳውን ቃል፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር፣
ገልብጦ መልሶልኛል።
ቢፍቱ ግን ቃል አልጻፈችም። በወረቀቱ ጀርባ
ካርታ ሠርታለች፤
አውድማው፣ ጋጣው፣ ውሃው የሚተኛበት፣
ትንሽ በሬም አለበት።
ትምህርት ቤቱ የለም።

ሰሜኑን አላመለከተችም፤ ደንብ ነውና ሁለት ማርክ ቆረጥሁባት።
መለኪያውን ግን ጽፋለች፣ በጥንቃቄ፣ ከግርጌው፦
«አንድ ጣት፣ የአባቴ ሃያ እርምጃ ነው።»