ያልታወቁ ሰዎች፣ አሰብ

አባቴ ሲሞት የወረስኩት ቤት
ቦርከና ዳር ነው፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት።
«ፎቶ ይመር» ይል ነበር ሰሌዳው፤
ዝናብ «ይ»ን ከወሰዳት ወዲህ «መር» ነው የቀረው።

ጨለማ ክፍሉን ለስልክ ጠጋኝ ላከራይ ሳጸዳ
አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ፣ ከማጠቢያው ሥር፣ ከጓዳ።
ክዳኑን በማንኪያ ፈልቅቄ ስከፍተው
ኮምጣጤ ሸተተኝ፤
ቀጥሎ፣ ወላሂ፣ ዓሣ የሸተተኝ መሰለኝ።

ባሕር አላውቅም እኔ። የማውቀው ውሃ
በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ጠጠር ነው፣
ሰው ሱሪውን ሰብስቦ የሚያልፈው።

ያነሷቸው ሾፌሮች ናቸው።
በባቲ ቁልቁል ወርደው፣ ሚሌን ተሻግረው፣
ኤሊዳር ላይ ጎማ ቀይረው፣
ወደብ ላይ ጭነት እስኪደርሳቸው
ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፣ ከመኪናቸው ሥር ተኝተው
ሲሰለቻቸው ካሜራ አነሱ።
ፊልሙን ለአባቴ ሰጥተው «መጣሁ» ይላሉ ሲመለሱ።
መንገድ ደግሞ መንገድ ነው፤ ያልመጣም አለ።
አሊጋዝ የሚሉት፣ ባለ ተሳቢው፣
ስድስት ጥቅል እንደተወ ቀረ፤
አባቴ ስሙን ከሒሳብ ደብተሩ ሳይሰርዝ ኖረ።

ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ ነው፣ ጥቁርና ነጭ።
ክሬኑ አንገቱን ሰግጎ፣ የወዛደሩ ጀርባ በላብ ሲያብለጨልጭ፣
ጆንያ በራስ፣ ጆንያ በትከሻ፤
ገመድ ጥቅልል ላይ የተኛ አንድ ውሻ።
የጨው ክምር አለ፣ ጥላው ሰማያዊ ይመስላል በግራጫ ወረቀት።
ሸራዋ ሰባት ቦታ የተጣፈ ጀልባ (ቆጠርኩት)።
አንዲት ልጅ ደግሞ፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት፣
ቁመቷን የሚያህል ዓሣ በጅራቱ ይዛ
አንሺውን አታይም። ወደ ጎን ዞራ
የምታየው ሰው ፎቶው ውስጥ አልገባም፤
ጥላው ብቻ አሸዋው ላይ ወድቋል፣ ረጅም።

ጀርባቸው ላይ የአባቴ ጽሕፈት፣ ጥርት ያለ፦
«አሰብ። ያልታወቁ ሰዎች። ዓሣ።»
የመኪናውን ታርጋ ግን ጽፎታል፣ አልረሳ።

ኅዳር ላይ አንዲት አሮጊት ገቡ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር፣
ደሴ ዓይናቸውን ታክመው፣ ግራው በፋሻ እንደታሰረ፤
ጉርድ ፎቶ ፈልገው ነበር፣ ለመታወቂያ።
ፎቶዎቹን ከመስታወቱ ሥር ደርድሬያቸው ነበር ያኔ።
ጎንበስ አሉ። ለልጁ በአፋርኛ አንድ ነገር አሉት።
«ምን አሉ?»
«ይህች ጀልባ የአይዳሂስ ናት አለች።»

ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።
ጣታቸው ከሸራው እራፊ እራፊ ዘለለ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ፤
«ይህ ቀይ ነበር አለች፤ የእናቷ ቀሚስ።»
የውሻው ስም ሳይቀር ተነገረኝ።
ጆንያ ተሸካሚው ኡትባን፣ ከጎኑ ያዮ፣
ያዮ መዋኘት አይችልም ነበር፣ ይስቁበት ነበር፣
እኔ እርሳስ ይዤ መከተል እስኪያቅተኝ።

ልጅቷ ጋ ሲደርሱ ዝም አሉ።
ልጁም አልተረጎመም፣ የሚተረጎም አልነበረም።
«ይህስ ጥላ?» አልኩ፣ ዝምታው ከብዶኝ።
ራሳቸው በአማርኛ መለሱልኝ፦
«አባቴ።»

ስለ ልጅቷ አልጠየቅኩም።
ፎቶውን በነጭ ፖስታ አድርጌ «ይውሰዱት» አልኩ።
«የት?» አሉ።
ልጁ መስኮቱን ያይ ነበር፤ እኔም ቦርከናን አየሁ።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው፤
«በፋሻ አይሆንም» አልኳቸው፣ «መታወቂያ ሁለቱንም ዓይን ይፈልጋል፣
ሲፈታ ይምጡ።»
«መጣሁ» አሉ።

«ያልታወቁ» የሚለውን በላጲስ ስሽር አመሸሁ፤
የአባቴ እርሳስ ጠንካራ ነው፣ ጠባሳው አይጠፋም፣ በላዩ ጻፍኩ።
ከዚያ የሒሳብ ደብተሩን አወጣሁ፤
ከአሊጋዝ ስም በታች፣ ብዙ ገጽ ዘልዬ፣
«ሞሚና ኡዳ፣ አራት ጉርድ፣ ፋሻው ሲፈታ» ብዬ
አስቀመጥኩት።
ዛሬ መጋቢት ነው።
አልሰረዝኩም።