ከዓምዱ እግር ሥር

በሥዕሉ ላይ፣ ከዓምዱ እግር ሥር፣ ትንሽ ክብ አለች፤
«ማጠፊያ ነው» ትላለች።
ነፋስ ሲገፋው እንደ በር ዘመም ይላል እንጂ
መሬቱን አይጠመዝዘውም፤
በስሌቱ ዜሮ ነው፣ ምንም አይጻፍበትም።

እኔ ግን በነሐሴ ወበቅ፣ ጁበይል፣ ተንበርክኬ
አራቱን ብሎን የማጠብቀው፣ ዓምዱን ታክኬ፣
ላሜራው ወፍራም፣ ሥሩ በስሚንቶ የተሞላ፤
ይሄ በየት በኩል ይዙር? በምኑ ይላላ?

«ኢንጂነር ኩሪያን» አልኩት፣ «ይሄ እኮ አይታጠፍም።»
ሳቀ፤ ላቡን በክንዱ ጠረገ።
«ትንሽ ይይዛል፤ እኛ ግን አንቆጥርለትም።»
«ያኛውስ?» አልኩት፣ ማዶ ያለውን፣ ባለ ስምንት ብሎኑን፣
«ግትር» ተብሎ ተጽፎለት በክንፍ የተበየደውን።
«እሱም ቢሆን» አለ፣ «ብሎኑ ይሳባል፣ ሥሩም አሸዋ ነው፤
ፍጹም ግትር ያየሁት ወረቀት ላይ ብቻ ነው።»

ማታ ካምፑ ውስጥ ሙዘሚል ኢቃማውን ያያል፤
አሥራ አራት ጊዜ ታድሷል፣ ዘንድሮም ያልቃል።
እሱ ግን በዓረብኛ ያልማል፤
የወለቀ መንጋጋው እዚሁ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል።
ኮምቦልቻ ያሠራው ቤትስ፣ ያ ግትር ያለው መሠረት?
ተከራዩ ቁልፍ ቀይሮበታል፤
ልጁም በስልክ «ጋሼ» ትለዋለች።

ሌሊት ሻማል ተነሣ። ቆርቆሮው ሲያጉረመርም
ያንን ዓምድ አሰብኩት፣ ዜሮ የተባለውን፣
ባልተጻፈለት ጉልበት ገታ የሚያደርገውን።

ጠዋት ብሎኖቹን በመዳፌ ነካኋቸው፤
ሦስቱ ሞቀዋል።
አራተኛው በጥላው በኩል ነው፣
ገና ቀዝቃዛ።