በረኛዋ

ሳልሚያ፣ ከባሕሩ ሦስት መንገድ ገባ ብሎ፣
አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን አልጋዬ ተጥሎ፣
ቀን ቀን በረኛ ነኝ።
ደወሉ ሲያቃጭል ሮጬ እከፍታለሁ፣
እንግዳው ጫማውን ሲያወልቅ፣ እኔ ወለሉን አያለሁ።

ማታም በረኛ ነኝ፤
ግን የማታው በሬ መዳፍ ነው ስፋቱ፣
ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ መስታወቱ።
አርባ ሺህ ሴት አለች ከዚያ በር ጀርባ፣
ከጃህራ፣ ከመንገፍ፣ ከሪያድ የምትገባ፤
«ይኼ ቢሮ ደህና ነው?» ብላ የምትጠይቅ፣
«ፓስፖርቴን ከለከሉኝ» ብላ የምትጨነቅ።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ አጭበርባሪ ማሳደድ፣
«ነፃ ቪዛ አለኝ» ባይን ከደጃፍ ማስወገድ።
ማን ቀጠረሽ? ማንም።
ስንት ይከፍሉሻል? ምንም።

ወንፊቱን የሠራው ሸምሱ ነው።
ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ ድምፁን ነው የማውቀው፤
የኮምቦልቻ ልጅ፣ ቀን ማናማ ጣሪያ ላይ ኤሲ የሚጠግን፣
ሌሊት ኮድ የሚፈትል፣ ዓይኑ ደም እስኪመስል ድረስ።
ወንፊቱ ደላላ በሦስት ስም ቢመጣ ለይቶ ያውቃል፣
የአረብኛ ኮንትራት በአማርኛ ፈትቶ ያስነብባል፣
«ተኚ አንቺ» ይለኛል ሸምሱ፣ «እሱ አይተኛም፤ ይበቃል።»

ሰኔ ላይ ኩባንያው ደብዳቤ ላከልን፣
«ውድ ማኅበረሰባችን» ብሎ ጀመረልን።
ይኼን ቃል ሳነብ ማዳሜ ትዝ አለችኝ፤
«አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ» ያለችኝ ቀን፣ የዓርብ ዕረፍቴን ነሳችኝ።
ከወሩ መባቻ አንስቶ፣ ይላል ቀጥሎ፣
ወንፊት በር ባንኳኳ ቁጥር ያስከፍላል ተቆጥሎ፤
ለእያንዳንዱ ማንኳኳት ሳንቲም።
ሸምሱ ደመረው። የአንድ ወሩ ሂሳብ የዓመት ደመወዙን አያህልም፤
ይበልጣል።

ከዶሃ፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ አሥራ አንድ በረኛ፣
ሁላችን የሰው ቤት ሠራተኛ፣ ሁላችን የሌሊት ተረኛ፣
«ድር ቢያብር» ተባብለን፣ በሩን ዘጋን ለሦስት ቀን
አንበሳ ለማሰር።
ድሩ ራሱ የአንበሳው መሆኑን ያኔ ማን ይናገር?

መልሱ መጣ በማግስቱ፣ ትሕትናው የሚያቅለሸልሽ፦
«ካልከፈትሽ ቁልፉን ለሚከፍት እንሰጣለን፤ ምርጫው ያንቺ ነው፣ ይመችሽ።»
እልኸኛ ነኝ። ስልኬን ከፎጣዎቹ ሥር ቀበርኩ፣
በአምስት ዓመት የመጀመሪያዬን፣ እስኪነጋ ተኝቼ አደርኩ።

ዓርብ ጠዋት ከደጁ ላይ የቀረ መልእክት አገኘሁ። የመሬማ፤
ሌሊት ስምንት ሰዓት የተላከ፣ ከፋሃሂል፣ ከጨለማ፦
«እህቶቼ፣ ይኼን ቁጥር ታውቁታላችሁ?
ሥራ አለ፣ መኪናው ታች ቆሟል ይለኛል። ልውረድ ወይ? አላችሁ?»

ቁጥሩን ወንፊቱ ያውቀው ነበር።
እኔም አውቀው ነበር።
ደወልኩላት። ይጠራል፣ ይጠራል፣
ዛሬም ብደውል ይጠራል።

በሩን ከፈትኩት።
ኩባንያው «እናመሰግናለን» አለ፣ ከቀይ ልብ ሥዕል ጋራ።
ሸምሱ «ከዳሽን» አለኝ፤ ቆየና «ምን ታደርጊ» አለ።
ሁለቱም እውነት ስለሆነ አልመለስኩለትም።
ወንፊቱን በዚያው ሳምንት ነቀለው፤
ሲነቅለው ድምፅ የለውም፣ እንደ ጥርስ አይደለም።

አሁን በጣቴ እለቅማለሁ።
የማዳም ልጅ የጣለው የሒሳብ ደብተር አለኝ፣
ከፊቱ የእሱ ክፍልፋይ፣ ከኋላው የእኔ ደላሎች፤
መጀመሪያ መስመር ላይ ያ ቁጥር አለ፣ ሁለቴ የተሰመረበት።
ደብተሩን ማንም በደብዳቤ አይዘጋብኝም።
ይረጥብ እንደሆነ እንጂ፤ ከማጠቢያው ጎን ነው የምተኛው።

ሌሊት ሌላዋ ትጽፋለች፦ «አላችሁ?»
አለሁ፣ እላታለሁ፤ ቁጥሩን ላኪው፣ እስካይ እንዳትወርጂ፣
እያየሁልሽ ነው፣

ደወሉ ጮኸ።
ቆይ እህቴ፣
በር ልክፈት።