ቁጥር አርባ ሦስት

አዳራሹን ወጣት ማዕከሉ ሰጠን፣ ወንበሩን የሰፈሩ ዕድር፤
ሚፍታ ፎቶ ቤት ህትመቱን፣ ግማሹን በዱቤ።
ማኅተሙ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ፤
«ቅርስ ስትሉ የቱን ነው?» ይላል
የሚመለስልን ደብዳቤ።

ከዚያ ፎቶ ጎረፈ፦
ጋሪ ከነፈረሱ፣ የግራር ጥላ፣ ያረጀ በረንዳ፣
ስትጠልቅ የተነሳች ፀሐይ፣
አሥራ ሰባት ጊዜ ያችው ፀሐይ።

በመዝጊያው ዕለት ማታ
ባጃጅ ነጂው ቶሎሳ ሞተሩን ሳያጠፋ፣
ቅጽም ሳይሞላ፣ ስልኩን ዘረጋልን።
የአዳማ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ግድግዳ፣
በጭስና በአቧራ የጠየመ፤
መሃሉ ላይ ብቻ ክብ፣ ነጣ ያለ፣
ሰዓቱ ተነቅሎ የሄደበት።

«ባዶ ግድግዳ!» አለ አንዱ ዳኛ፣
«ቅርሱ የታለ?»
ዝም አልኩ። ደንቡን የጻፍኩት እኔው ነኝ።
ሚፍታ፣ «ወረቀቱ ከእኔ» ብሎ አተመው፤
በሩ ጥግ፣ ከመብራት ማጥፊያው በላይ ሰቀልነው።

አንደኛ የወጣው ጋሪው ነው።

ቅዳሜ ጋሽ ረጋሳ መጡ፣
የጥንቱ ትኬት ቆራጭ፣ ከነከዘራቸው።
አሥራ ሰባቱን ፀሐይ ሳያዩ አልፈው
ክቡ ፊት ቆሙ። ቀና አሉ።
ቀጥሎ የእጃቸውን ሰዓት አዩና፣
ለማንም ሳይሆን፣
«የድሬዳዋው
ዛሬም ዘገየ» አሉ።