የሰፋሁት መዝገብ

አምስት ደቂቃ ነው የፈቀዳችሁልኝ፤
ሰዓት አትዩብኝ፣ ቀስ ብላችሁ ስሙኝ።
ሕግ አልተማርሁም፣ አዋቂም አይደለሁ፣
እታች ምድር ቤት መዝገብ ሰፊ ነበርሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በመርፌና በክር
የክሱን ሉክ ወስጄ ከፍርዱ ሉክ ሳስር፣
የድንበሩን፣ የውርሱን፣ የደሙን ሙግት
ሰፍቼው አልፋለሁ፣ ሳልገልጥ፣ ሳላነብበት።

አንዱን ግን አነበብሁት።

የጫቅሉ ደፈርሻ። አዘዞ፣ ወፍጮ ቤት፣
የእህል ዘበኛው ሞተ በሚያዝያ ሌሊት።
ዋኘው የሚሉት ሰው ወንጌል መታና
«በመንገዱ መብራት ለየሁት» አለና
ቃሉ ተጻፈለት። ሃያ ሁለት ዓመት፤
ማኅተም ተረገጠ፣ ፊርማ አረፈበት፣
እኔም መርፌ ሰደድሁ፣ ቋጠርሁት፣ ጣልሁት።

በሦስተኛው ክረምት ጣራው አፍስሶ
ፋይል ስናሸሽ፣ ግማሹ ርሶ፣
ያረጀ የውርስ መዝገብ ከእጄ ወደቀ፤
ጥጉ ላይ ሰም አለ፣ ጠብቶ የደረቀ፣
ከሰሙ ጎን ደግሞ፣ አለቃ እንዳይቆጣኝ
በእርሳስ የጻፍሁት፦ «ሚያዝያ ዘጠኝ፣
ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተሰፋ።»

ዘበኛው የወደቀ፣ ነፍሱም የጠፋ
በዚያችው ሌሊት ነው።
                    ግንድ መስመር በጥሶ
ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ጨለማ ለብሶ
ከተማው ሦስት ሌሊት በዳበሳ አደረ።
የዋኘው መብራት ታዲያ ከየት ነበረ?

ሮጥሁ ወደ ሬጅስትራር፣ ሁለቱን ታቅፌ።
«ተዘግቷል» አለኝ። «ማን ጠየቀህ አንተን?
ሥራህ በመርፌህ ነው፤ ስፋ በመርፌ።»

እህቱ ትርንጎ ከጭልጋ እየመጣች
መስኮት ለመስኮት ስትለምን ከረመች።
ይግባኝ ሰሚው፦ «ቀኑ አልፎበታል።»
ሰበር፦ «ሕጉን እንጂ፣ ፍሬ ነገሩማ በሥር ተቋጭቷል።»
ይቅርታ ቦርዱ ፎርሙን ዘርግቶ፦
«ይውጣ፤ ግን ይፈርም፣ ጥፋቴ ነው ብሎ፣ ተጸጽቶ።»

ጫቅሉ አልፈረመም።
«ገዳዩ ውጭ ነው፤ እኔ ከፈረምሁማ
ማን ይፈልገዋል?» ብሎ ላከ።

አንገረብ ሲባጎ ይገምዳል አሉ።
መዝገብ ቤታችን ክር የሚገዛው ከዚያው ነው።
ስንቱን ፍርድ ይሆን የሰፋሁ እሱ በገመደው?

ያባቶቻችን ሰዎች ሌባ ሻይ ነበራቸው፤
ብላቴና አጠጥተው፣ አስክረው፣ ለቀው፣
የተዘረረበትን ደጅ «ሌባ» አሉት፤
ያን ስንሰማ እንስቃለን፤ ተረት።
ግን ልጁ ሲነቃ አንድ ሰው እንኳ ማንም
«ለምን እዚህ ወደቅህ?» ብሎ አልጠየቀውም።
እኛስ?

ከእኔ በፊት የተናገሩት ጌታ
«የተፈረደ ከተከፈተ ፍርድ ቤት ይዋረዳል» አሉ።
ይቅርታ ያድርጉልኝና፣
ስፌቱ የጠመመበት ልብስ ሰፊ ይተረትራል፤
ያፍራል፤ ከዚያ መልሶ ይሰፋል።
ውርደቱ ጠማማውን ለብሶ ገበያ መውጣት ነው።

ትልቅ ሕንጻ አልለምንም።
አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ውሃ የማያፈስ ጣራ፤
ቁልፉ ከፈረደው እጅ የራቀ፣
ከከሰሰውም፣ ከሹሙ ስልክም የራቀ፣
«ቀኑ አልፏል» የማይል፣ «ፈርምና ውጣ» የማይል፣
ጠብታ ሰም የሚያነብ ዓይን ያለው ሰው የተቀመጠበት።

ደቂቃዬ ሳታልቅ አልቀረችም።
እዚህ ፌስታል ውስጥ ያሉት ሁለቱ መዝገቦች ናቸው፤
ጡረታ የወጣሁ ዕለት በጋቢዬ ሥር ያሾለክኋቸው።
ስርቆት ነው፣ አውቃለሁ። ክሰሱኝ።
ብቻ ከመክሰሳችሁ በፊት መቀስ አቀብሉኝ፤
ቋጠሮው በግራ በኩል ነው፣
ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ።